የሐዋሳ የኪራይ ቤት ማስታወቂያዎችን በኮምፒውተር እንዴት እንደምታጠኑ

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ሐዋሳ ተዛወረና ቤት መፈለግ ጀመረ። ሁለት ደላላ አነጋገረ። አንደኛው «አቶቴ ከመናኸሪያ በጣም ይወደዳል» አለው፤ ሁለቱም የከተማዋ ሰፈሮች ናቸው። ሌላኛው ደግሞ «ኧረ ያው ነው፣ ልዩነት የለውም» አለው። ማንን ይመን? ማመሳከሪያው ግን ስልኩ ላይ ነበር። ቴሌግራም ላይ በየቀኑ የኪራይ ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ ሰፈሩ፣ ዋጋው፣ የክፍሉ ብዛት ሁሉ ተጽፎ። ያንን ሰብስቦ በኮምፒውተር መቁጠር ነው።

እንዴት እንደሚሠራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እጽፍላችኋለሁ። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የምትነኩት ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ ነው፤ የቀረው በጉግል ሺትስ ወይም በኤክሴል ያልቃል። ኮምፒውተራችሁ ላይ ምንም መጫን ካልፈለጋችሁ ጉግል ኮላብን በብሮውዘር ክፈቱ፣ ፓይተኑ እዚያው ይሠራል። ዘዴው ለኪራይ ቤት ብቻ አይደለም። የሥራ ማስታወቂያም፣ የገበያ ዋጋም፣ የመሥሪያ ቤት አቤቱታም በዚሁ መንገድ ይጠናል።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልናገር። ሰው ኮምፒውተር ሲባል ትልቁ ሥራ ስሌቱ ይመስለዋል። በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ትልቁ ሥራ ፊደሉ ነው። ፊደሉን ሳታስተካክሉ ከቆጠራችሁ ውጤቱ የተሳሳተ ይሆናል፣ ስህተቱ ደግሞ አይታይም፤ ቁጥሩ ያማረ ሆኖ ይወጣል።

ጥያቄውን ጻፉ

ፋይል ከማውረዳችሁ በፊት ጥያቄያችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «የሐዋሳን የኪራይ ገበያ ማጥናት» ጥያቄ አይደለም። «ባለፉት ሦስት ወራት በቴሌግራም በወጡ ማስታወቂያዎች፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት በአቶቴና በመናኸሪያ የተጠየቀበት ዋጋ ይለያያል ወይ?» ይሄ ጥያቄ ነው። ልብ በሉ፣ «የተጠየቀበት» ነው ያልኩት። ማስታወቂያ ላይ ያለው ዋጋ አከራዩ የሚፈልገው ነው፤ ተከራይና አከራይ ተደራድረው የተስማሙበት አይደለም። ደግሞ በዘመድ፣ በጎረቤት፣ በሥራ ቦታ ወሬ የሚከራየው ቤት ቴሌግራም ላይ አይደርስም። ስለዚህ የምታጠኑት ማስታወቂያውን ነው። ይህንን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቁጥሩ ሲያጓጓችሁ ትረሱታላችሁና።

ማስታወቂያውን ማውረድ

በስልክ ያለው ቴሌግራም ይህን አያደርግም፣ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ቴሌግራም ዴስክቶፕ ያስፈልጋል። ቻናሉን ክፈቱ፣ ከላይ በቀኝ በኩል ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጫኑ፣ «ኤክስፖርት ቻት ሂስትሪ» የሚለውን ምረጡ። ፎቶና ቪዲዮ የሚሉትን ሳጥኖች ምልክታቸውን አንሱ፣ ያለበለዚያ ዳታችሁን ይበላዋል። ፎርማቱን ጄሶን (ፓይተን በቀላሉ የሚያነበው የፋይል ዓይነት) አድርጉ፣ የምትፈልጉትን ቀን ከዚህ እስከዚህ ብላችሁ ወስኑ፣ አስጀምሩት። ቻናሉ ይዘቱ እንዳይወሰድ ከዘጋ ይህ አይሠራም። ባለቤቱ አልፈልግም ብሏል ማለት ነውና ሌላ ቻናል ፈልጉ።

የሚወጣው ፋይል ውስጥ እያንዳንዱ መልእክት መለያ ቁጥር፣ ቀንና ጽሑፍ አለው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናቀፍበት ነገር አለ። ጽሑፉ ተራ ሲሆን አንድ ወጥ ሆኖ ይቀመጣል። ውስጡ ስልክ ቁጥር፣ ሊንክ ወይም የደመቀ ፊደል ካለበት ግን ቴሌግራም ቆራርጦ በዝርዝር ያስቀምጠዋል፤ እስከ ስልክ ቁጥሩ ያለው አንድ ቁራጭ፣ ስልክ ቁጥሩ ራሱ ሌላ ቁራጭ፣ የቀረው ሌላ ቁራጭ። የኪራይ ማስታወቂያ ደግሞ ስልክ ቁጥር የሌለው የትኛው ነው? ስለዚህ ፓይተኑ አንድ ነገር ብቻ እንዲያደርግ እዘዙት። ጽሑፉ ወጥ ከሆነ እንዳለ ይውሰድ፣ ዝርዝር ከሆነ ቁራጮቹን በቅደም ተከተል ይቀጥል። ይህን የሚያደርገው አምስት ስድስት መስመር ነው። ይህን ከዘለላችሁት በጣም የምትፈልጓቸው ማስታወቂያዎች ይጠፋሉ፣ የሚተርፏችሁ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚሉት መልእክቶች ናቸው።

ከዚያ ሲኤስቪ (ኤክሴልም ጉግል ሺትስም የሚከፍቱት ቀላል የሠንጠረዥ ፋይል) አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ አንድ ማስታወቂያ አንድ ረድፍ። ስታስቀምጡ የፊደል ዓይነቱ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን እዩ፣ አማርኛ በትክክል የሚቀመጠው በዚያ ነው። ኤክሴል ላይ ፋይሉን በቀጥታ ሁለት ጊዜ ተጭናችሁ ከፍታችሁ አማርኛው የማይነበብ ምልክት ከሆነባችሁ አትደንግጡ፣ ፋይሉ አልተበላሸም። ዝጉትና «ዳታ» ከሚለው ውስጥ ገብታችሁ ከሲኤስቪ አስገባ የሚለውን ተጠቀሙ፤ የፊደል ዓይነት ሲጠይቃችሁ 65001 የሚለውን ምረጡ፣ ዩቲኤፍ 8 ማለት ነው። አማርኛው ቁጭ ይላል።

ስልክ ቁጥሩን አታስቀምጡ

ያ ቁጥር የሰው ነው። ደላላም ቢሆን፣ በአደባባይ ቢለጥፈውም፣ እናንተ ሰብስባችሁ በዝርዝር ስታስቀምጡት ሌላ ነገር ይሆናል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። በ09 ወይም በ07 ወይም በ251 የሚጀምረውን ሁሉ ፈልጋችሁ በኮድ ተኩት፤ አንዱ ቁጥር ባለበት ሁሉ «ደ1»፣ ሌላው ባለበት ሁሉ «ደ2» እያላችሁ። ኮዱ የሚያስፈልገው አንድ ደላላ ስንት ጊዜ እንደለጠፈ ለማወቅ ነው። የትኛው ኮድ የማን ቁጥር እንደሆነ የሚያሳየውን ወረቀት ደግሞ ሥራው ሲያልቅ አጥፉት። ይህ እርምጃ ሌላም ጥቅም አለው፤ ኋላ ዋጋ ስትፈልጉ ኮምፒውተሩ ስልክ ቁጥርን ዋጋ ብሎ አይወስድባችሁም።

ፊደሉ

እዚህ ቆም እንበል። የከተማችን ስም በስንት ዓይነት ይጻፋል? ሀዋሳ፣ ሃዋሳ፣ ሐዋሳ፣ አዋሳ። ለእኛ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። መጀመሪያ ይህን ስሠራ «ሀዋሳ» ብዬ ፈልጌ የወጣልኝን ቆጠርኩና ያ ሁሉ መሰለኝ። በኋላ በዓይኔ ሳነብ ነው ከየመሐሉ ያመለጠኝ የታየኝ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው ደረጃ፣ በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጠው። ሀ 4608 ነው፣ ሃ 4611፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736፣ አ 4768። ማየት ከፈለጋችሁ ሺት ላይ «ዩኒኮድ» የሚለውን ፎርሙላ ጽፋችሁ ፊደሉን ስጡት፣ ቁጥሩን ያወጣላችኋል። ኮምፒውተሩ የሚያወዳድረው ቁጥሩን እንጂ ድምፁን አይደለም። 4608 እና 4624 አይመሳሰሉም፣ አለቀ።

መፍትሔው ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ ማምጣት ነው። ቁጥሮቹ በሥርዓት ስለተደረደሩ ነገሩ ቀላል ነው። ከሐ እስከ ሖ ካሉት ሰባት ፊደላት 16 ብትቀንሱ ከሀ እስከ ሆ ያሉትን ታገኛላችሁ። ከኀ ቤት 128 ቀንሱ፣ ከኸ ቤት 184። ከዐ ቤት 48 ስትቀንሱ አ ቤት ይመጣል፤ ከፀ ቤት 8 ስትቀንሱ ጸ ቤት ይመጣል። ሠ ላይ ግን መደመር ነው፤ 16 ስትጨምሩ ሰ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ቀይሩ፣ አንድ ዓይነት ስለምናነባቸው። ስድስት ቤት በሰባት 42፣ ሁለቱ ሲጨመሩ 44 ቅያሪ ነው። ፓይተን ላይ አንድ ሠንጠረዥ ሰጥታችሁት በአንዴ ይጨርሳል። ሺት ላይ በ«ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ» አንድ በአንድ መሄድም ይቻላል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ይወስድባችኋል እንጂ።

ይህን የምታደርጉት ግን በቅጂ ዓምድ ላይ ነው። ዋናውን ጽሑፍ በፍጹም አትንኩ። ፊደሎቹ በከንቱ የተቀመጡ አይደሉም፤ ፀሐይ ስትወጣ ሠረቀች ነው፣ ሌባ ሲወስድ ሰረቀ ነው፣ አንድ ስታደርጓቸው ያ ልዩነት ይጠፋል። ለቆጠራ ስንል ነው የምናጠፋው። ዋናው ጎን ለጎን መኖር አለበት።

ሥርዓቱ የማይፈታውም አለ። «አዋሳ» በዚህ ሕግ «ሀዋሳ» አይሆንም፤ አን ሁሉ ወደ ሀ ብትቀይሩ «አንድ» «ሀንድ» ይሆንባችኋል። «መናኸሪያ» እና «መነሃሪያ»ም አንዱ ና፣ አንዱ ነ ስለሆነ ሁለት ሆነው ይቀራሉ። ለእነዚህ ለብቻ አንድ ትንሽ ሺት ክፈቱ፤ በግራ የተገኘው አጻጻፍ፣ በቀኝ እናንተ የምትፈልጉት። እኔ ይሄን ሺት የስም መዝገብ እለዋለሁ። ሥራው በገፋ ቁጥር ያድጋል፣ ከሁሉም ፋይል በላይ የምትሳሱለት እሱ ይሆናል።

ሥርዓተ ነጥቡንም አትርሱ። አራት ነጥብ ሦስት ዓይነት ሆኖ ይመጣል። አንደኛው እውነተኛው አራት ነጥብ ነው፣ ቁጥሩ 4962። ሁለተኛው ሁለት ነጥብ፣ ማለትም 4961፣ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ነው። ሦስተኛው ከእንግሊዝኛው ኪቦርድ የመጣ ሁለት ኮለን ነው። ስክሪን ላይ አንድ ይመስላሉ። ቃላት ስትቆጥሩ ግን «አለው» እና ነጥብ የተጣበቀበት «አለው» ሁለት ቃል ይሆናሉ። ሁሉንም በባዶ ቦታ ተኩ።

አንድ ነገር በዚሁ ልጨምር። የቴሌግራም ማስታወቂያ አዲስ ስለሆነ በዩኒኮድ ነው የሚጻፍ። የድሮ የመሥሪያ ቤት ሰነድ ልታጠኑ ብትነሡ ግን እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ የቆዩ ፎንቶች የተጻፈ ይገጥማችኋል። እሱ ከላይ አማርኛ ይምሰል እንጂ ከሥሩ የላቲን ፊደል ቁጥር ነው። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት፤ ያለበለዚያ ከዚህ በላይ የጻፍኩት ሁሉ አይሠራበትም።

የአማርኛ ያልሆኑትስ? ሐዋሳ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት፣ በሲዳምኛ የሚወጣ ማስታወቂያ አለ፣ እሱም በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው። አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፍም ሞልቷል። አማርኛ አይደለም ብላችሁ አትሰርዙ። «ቋንቋ» የሚል ዓምድ ጨምሩና ምልክት አድርጉበት፣ ሲዳምኛ የሚችል ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡ። ከሰረዛችሁት የምታጠኑት የከተማዋን ግማሽ ፊት ነው።

ዋጋውን ማውጣት

አሁን «ዋጋ» የሚል ዓምድ ክፈቱ። አንድ ዋጋ እንዴት እንዴት እንደሚጻፍ እዩ፤ 8000፣ 8,000፣ 8ሺ፣ 8 ሺህ፣ ስምንት ሺ፣ 8000ብር። ኮምፒውተሩ «8ሺ»ን ካላስተማራችሁት 8 ብሎ ይወስደዋል፣ የስምንት ብር ቤት ይኖራችኋል። ሕጉን እንዲህ ጻፉት። ከቁጥር ቀጥሎ ሺ ወይም ሺህ ካለ በ1000 ይባዛ። ኮማው ይውጣ። በቃል የተጻፈውን ከአንድ እስከ ሃያ ያለውን የቁጥር ስም በሠንጠረዥ ስጡት፣ ከዚያ በላይ ያለውን በእጅ ሙሉት።

«ዋጋ በድርድር» እና «ዋጋ በስልክ» የሚሉትን ባዶ ተዉአቸው። ዜሮ አትጻፉ! ዜሮ ዋጋ ነው፣ ባዶ ግን የለም ማለት ነው፤ ስታሰሉ ዜሮው ሁሉንም ወደ ታች ይጎትተዋል። የሚሸጥ ቤትም መሐል ይገባል። «የሚሸጥ» ወይም «ሽያጭ» ያለበትን፣ ዋጋው በሚሊዮን የሆነውን ለዩት። «6 ወር ቅድሚያ» የሚል ካለ 6 የሚለው ቁጥር ከዋጋው ጋር እንዳይቀላቀል ለብቻው ዓምድ ስጡት። ራሱን የቻለ ጥናት ይወጣዋል።

ሰፈሩን መለየት

ይሄ ከዋጋው ይከብዳል። የሐዋሳ ክፍለ ከተሞች ስም ተራ ቃልም ነው። «ሐይቅ ዳር» ክፍለ ከተማ ነው፤ ግን «ሐይቅ ዳር የሆነ ነፋሻ ቤት» ሲባል ውሃው አጠገብ ነው ማለቱ ሊሆን ይችላል። «መናኸሪያ» ክፍለ ከተማም ነው፣ አውቶቡስ የሚቆምበትም ነው። «ታቦር» ክፍለ ከተማም ተራራም ነው። «ምሥራቅ» አቅጣጫ ነው። «አዲስ ከተማ»ም ተራ ቃል ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ ቃሉን ያገኛል፣ ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም።

ስለዚህ ቃሉን ብቻ አትፈልጉ፣ ጎረቤቱንም እዩ። ከቃሉ በኋላ «ክፍለ ከተማ» ወይም «ክ/ከተማ» ወይም «ክ/ከ» ካለ እርግጠኛ ነው። «አጠገብ»፣ «ፊት ለፊት»፣ «አለፍ ብሎ» ካለ ምልክት ነው እንጂ አድራሻ ላይሆን ይችላል። «አቶቴ»ን የመሳሰሉት ከሌላ ቃል ጋር ስለማይምታቱ ቀላል ናቸው። የሚያጠራጥረውን «ያልተለየ» በሉት። ያልተለየ የሚለው ሳጥን ቢበዛባችሁ አይክፋችሁ፣ በግምት ከመሙላት ይሻላል።

የሰፈር ድንበር የት እንደሆነ ካርታ ብቻ አይነግራችሁም። እኔ ዝርዝሬን ለአንድ ባጃጅ ለሚነዳ ጎረቤቴ አሳየሁት። ሰዎች ባጃጅ ሲይዙ የሚጠሩትን ስም እያስታወሰ ሦስቱን ሰፈር አንድ አደረገልኝ፣ አንዱን ደግሞ ለሁለት ከፈለልኝ። ያ ግማሽ ሰዓት ከብዙ ፎርሙላ ይበልጥብኛል።

መነሻ ፊደላትን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «በአቶቴ»፣ «ከአቶቴ»፣ «የአቶቴ» የሚሉትን አንድ ለማድረግ በ፣ ከ፣ የ፣ ለ የሚሉትን ከየቃሉ ፊት መቁረጥ ያምራችኋል። አትቁረጡ። «ከተማ» «ተማ» ይሆናል፣ «በር» «ር» ይሆናል፣ «የካቲት» «ካቲት»። ቁረጡ ካላችሁም የቀረው ቃል በስም መዝገባችሁ ውስጥ ካለ ብቻ ቁረጡ። «አቶቴ» መዝገቡ ውስጥ አለ፣ ይቆረጣል፤ «ተማ» የለም፣ «ከተማ» እንዳለ ይቀራል።

አንዱ ቤት ሦስት ጊዜ

አንድ ቤት ሦስት ደላላ ይለጥፈዋል። አንዱ ደላላም ሳይከራይለት ሲቀር በየሁለት ቀኑ ይመልሰዋል። ሳታጣሩ ብትቆጥሩ የሚበዛው ያልተከራየው፣ ማለትም ብዙ ጊዜ የተወደደው ቤት ይሆናል። ዋጋውን ወደ ላይ ይገፋዋል።

ቃል በቃል አንድ የሆነውን «ሪሙቭ ዱፕሊኬትስ» ያወጣላችኋል። ቃሉ የተቀያየረውንስ? ለዚህ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1901 ጀምሮ ያለ ቀላል ዘዴ አለ። ፖል ዣካር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ሁለት ቦታ ላይ የሚበቅሉ ተክሎች ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ ለመለካት ያወጣው ነው። የጋራ የሆነውን ለጠቅላላው ማካፈል ነው፣ ሌላ ምንም የለውም።

እንበል አንደኛው ማስታወቂያ «አቶቴ አካባቢ ባለ አንድ መኝታ ቤት ይከራያል ውሃና መብራት አለው» ይላል። ሌላኛው «የሚከራይ ባለ አንድ መኝታ ቤት አቶቴ አካባቢ ውሃና መብራት ያለው» ይላል። ሁለቱም አሥር አሥር ቃል ናቸው። የጋራቸው ስምንት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስናደርግ የተለያዩ ቃላት 12 ናቸው። 8 ለ12 ሲካፈል 0.67 ነው። ልዩነቱን ያመጣው «ይከራያል» እና «የሚከራይ»፣ «አለው» እና «ያለው» ብቻ ነው፤ እነሱም ሥራቸው አንድ ነው። የአማርኛን ግስ ወደ ሥሩ የሚመልስ ፕሮግራም ብትጠቀሙ ሁለቱ ማስታወቂያዎች ሙሉ በሙሉ አንድ ይሆናሉ። ማይክል ጋሰር የሠራው ሆርንሞርፎ የሚባለው አንዱ ነው፣ በፓይተን ይሠራል፣ አማርኛን ይተነትናል።

ከ0.6 በላይ የሆኑትን ጥንዶች አውጥታችሁ ዋጋቸው እኩል ከሆነ በዓይን እዩአቸው፣ ከዚያ አንዱን አስቀሩ። በዓይን ማየቱን አትዝለሉ፤ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ተመሳሳይ ሰርቪስ ቤት የሚያከራይ ሰውም አለና።

ቀኑ

ቴሌግራም ቀኑን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም በ24 ሰዓት ነው የሚሰጣችሁ። 14፡20 ማለት ከቀኑ 8፡20 ነው፣ ስድስት ቀንሱ። ወሩን በእኛ ቀይሩት፣ ምክንያቱም ኪራይ በእኛ ወር ነው የሚከፈለው። መስከረም 1 ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው፣ በአራት ዓመት አንዴ 12 ይሆናል፤ 2016 ዓ.ም. የገባው ሴፕቴምበር 12 ነበር። በየወሩ ስትደምሩ ጳጉሜ ለብቻዋ ትወጣና ገበያው የሞተ ያስመስላል። አምስት ወይም ስድስት ቀን ናት እኮ። ከነሐሴ ጋር አድርጓት።

አሁን ቁጠሩ

ፒቮት ቴብል ክፈቱ፤ ረድፎቹን በየዓይነታቸው ሰብስቦ የሚቆጥርላችሁ ሠንጠረዥ ነው። ረድፉ ላይ ሰፈር፣ ዓምዱ ላይ የመኝታ ብዛት፣ መሐሉ ላይ የማስታወቂያ ቁጥር። መጀመሪያ የምታዩት ዋጋውን ሳይሆን ስንት ማስታወቂያ እንዳለ ነው። አንድ ሰፈር ላይ አራት ማስታወቂያ ብቻ ካለ ስለዚያ ሰፈር ዋጋ ምንም አትበሉ።

ለዋጋው አማካይ አትጠቀሙ። እንበል አምስት ቤት አለ፤ 6,000፣ 7,000፣ 7,500፣ 8,000፣ እና አንድ ሙሉ ግቢ በ45,000። አማካዩ 14,700 ይመጣል። በ14,700 የሚከራይ ቤት ከአምስቱ አንድም የለም። መካከለኛው፣ ማለትም በተራ ሲደረደሩ መሐል ላይ ያለው፣ 7,500 ነው። ቤት ለሚፈልግ ሰው የሚጠቅመው ይሄ ነው። ፎርሙላው «ሚዲያን» ይባላል። ፒቮት ቴብሉ ኤክሴል ላይ ከሆነ ሚዲያን በቀጥታ ስለማይሰጣችሁ ከውጭ በፎርሙላ አውጡት።

ከዋጋ አልፋችሁ «የአቶቴ ማስታወቂያ ከሌላው በምን ይለያል?» ማለት ከፈለጋችሁ ደግሞ ቃላቱን ቁጠሩ። ዝም ብላችሁ ብትቆጥሩ በሁሉም ሰፈር አንደኛ የሚወጡት «ቤት»፣ «ኪራይ»፣ «ይደውሉ» ናቸው። ምንም አይነግሩንም። ካረን ስፓርክ ጆንስ የምትባል እንግሊዛዊት የኮምፒውተር ሊቅ በ1972 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያወጣችው ሐሳብ ይህን ይፈታል፤ አንድ ቃል በሰነዶች ሁሉ ውስጥ ካለ ክብደቱ ይቀንስ፣ በጥቂቱ ብቻ ካለ ይጨምር። 300 ማስታወቂያ አላችሁ እንበል። «ይደውሉ» በ300ውም አለ። 300 ለ300 አንድ ነው፣ የአንድ ሎጋሪዝም ዜሮ ነው፣ ቃሉ ከጨዋታ ወጣ። «ጉድጓድ» በ30ው ብቻ ቢኖር 300 ለ30 አሥር ነው፣ በአሥር መሠረት ሎጋሪዝሙ 1። በሦስቱ ብቻ ያለ ቃል 2 ያገኛል። ይህንን ቃሉ በዚያ ሰፈር በተጻፈበት ብዛት አባዙት፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሩት። የውሃ ጉድጓድ ጎላ ብሎ የወጣበት ሰፈር ካገኛችሁ የቧንቧ ውሃው ነገር ምን እንደሆነ ሄዶ መጠየቅ ነው። ቁጥሩ የት ሄዳችሁ እንደምትጠይቁ ነው የሚያሳያችሁ።

በእጅ አረጋግጡ

ይህን ሳታደርጉ ለማንም አታሳዩ። «ራንድ» በሚለው ፎርሙላ ለእያንዳንዱ ረድፍ የዕጣ ቁጥር ስጡ፣ በዚያ ደርድሩ፣ የመጀመሪያዎቹን 50 ውሰዱ። ኮምፒውተሩ የሰጠውን ሰፈርና ዋጋ ደብቁና ዋናውን ጽሑፍ አንብባችሁ ራሳችሁ ሙሉት። ከዚያ አመሳክሩ።

ሁለት ነገር ታሰላላችሁ። ኮምፒውተሩ 12ቱን አቶቴ ቢልና 9ኙ ብቻ እውነት አቶቴ ቢሆኑ ትክክለኛነቱ 75 በመቶ ነው። እናንተ ስታነቡ አቶቴ የሆኑት 15 ቢሆኑና እሱ ያገኘው 9ኙን ብቻ ከሆነ ደግሞ የያዘው 60 በመቶ ነው። ሁለቱ የተለያየ በሽታ ናቸው። የመጀመሪያው ሲያንስ ሕጋችሁ ልል ነው፣ የማይገባውን ያስገባል። ሁለተኛው ሲያንስ አብዛኛውን ጊዜ ፊደል ነው፤ የስም መዝገባችሁ ውስጥ ያልገባ አጻጻፍ አለ። ያመለጡትን ስድስቱን አንድ በአንድ አንብቡ። ምናልባት አንዱ «ዐቶቴ» ብሎ ጽፎ ቅያሪውን ረስታችሁት ይሆናል፣ ሌላው «አቶ ቴ» ብሎ ለሁለት ከፍሎታል። መዝገቡን አርሙ፣ ከፊደሉ ጀምራችሁ እንደገና አስኪዱት፣ ሌላ 50 በዕጣ አውጡ። ያው 50 ላይ ብቻ ደጋግማችሁ ብታርሙ ለእነሱ ብቻ የሚሠራ ሕግ ነው የሚኖራችሁ።

ውጤቱን ስትጽፉ ስንት ማስታወቂያ እንደነበር፣ ከድግግሞሹ በኋላ ስንት እንደቀረ፣ ዋጋ ያልተጻፈበት ስንት እንደሆነ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሆነ ከቁጥሩ በላይ አስቀምጡ። ለባልደረባዬ የላክሁለትም እንዲሁ ነበር፤ በሚዲያን የአቶቴው ከፍ ይላል፣ ግን ዋጋቸውን የደበቁት ማስታወቂያዎች አቶቴ ላይ ስለሚበዙ ልዩነቱን ሙሉ በሙሉ አትመነው ብዬ። እሱም ስልኩን አንሥቶ ዋጋ ያልጻፉት ጋር ደወለ።

በሚቀጥለው ወር ስትደግሙት አዲሱን ከአሮጌው ሥር ቀጥሉ፣ አትደርቡበት። የስም መዝገቡን ቅጂ ከነቀኑ አስቀምጡ። አዲስ የመጡትን ማስታወቂያዎች ከመቁጠራችሁ በፊት የሰፈር ዓምዱ ላይ «ያልተለየ» የሆኑትን አውጥታችሁ አንብቡ፤ አዲስ አጻጻፍ ካለ እዚያ ነው ተሰብስቦ የሚጠብቃችሁ።